ሰው ያልታሰበበት ሜዳ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ድሮኑ ከመቃብር ቦታው በር አጠገብ ተነሳ። ሰዓቱ እንዲህ በትክክል የታወቀው ላፕቶፑ ላይ ስለተጻፈ ነው፤ በረራውን ከምድር የሚከታተለው ሶፍትዌር እያንዳንዱን መነሻ ከነደቂቃው ይይዛል። አባቱ ያረፉበትን ሰዓት ግን ዲሾ አያውቀውም። ሐሙስ ሌሊት ነው። ሁሉም ተኝቶ ነበር።

"ወጣች" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ወደ ሰማይ እያየ። "ምስሉስ?"

"እንደ መስተዋት።"

ዲሾ ስሙ አይደለም። በየሰው ጣሪያ ላይ ዲሽ ሲተክልና ሲያስተካክል የሚውል ሰው ስለሆነ፣ ደግሞም ጆሮዎቹ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ሰፈሩ ያወጣለት ነው፤ ሁለት ምክንያት ያለው ቅጽል ስም ደግሞ አይለቅም። ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛው ነው። ሥራ በማይኖርበት ቀን ከከተማው ወጣ ብለው፣ በእጃቸው የገጣጠሙትን ድሮን ያበርራሉ። እዚያ ሜዳ ላይ የሚሰባሰቡት ሰዎች በፍጥነት አይፎካከሩም። ፉክክሩ ምስሉ ሳይቋረጥ ማን ራቅ ብሎ ይሄዳል ነው። በዚህ ዲሾን የሚስተካከለው አልነበረም፤ እሱም ይህን ያውቃል፤ እንደሚያውቅም ይታወቅበታል።

ዛሬ ግን ለጨዋታ አልመጣም። ታላቅ እህቱ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። በሆዷ ያለው ልጅ ቀኑ ሳይደርስ እንዳይመጣ ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትነሳ ከልክሏታል። አርብ ጠዋት መርዶውን ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ዲሾን አስጠራችው።

"በኋላ የሚላክ ቪዲዮ አልፈልግም" አለችው። "ስትቀብሩት አብሬያችሁ ልሁን። ማሙሽ፣ አንተ ታውቅበታለህ። በዚያች በራሪህ አድርገህ አሳየኝ።" ጢም ካበቀለ ስንት ጊዜው፣ ለእሷ ግን አሁንም ማሙሽ ነው።

አስቸጋሪው ቦታው ነበር። መቃብሩ የሚገኘው ኮረብታው ሥር ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ እዚያ ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም። የሚሠራው ላይ፣ በሩ ጋ ነው። ስለዚህ አርብ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች መጥተው ቦታውን አጠኑ። ላፕቶፑ በሩ አጠገብ ያለው አጭር የድንጋይ አጥር ላይ ይቀመጣል። አንቴናው በሦስት እግር ቆሞ ወደ ታች ያያል። ድሮኑ ከቀብሩ በላይ፣ ድምፁ የማይረብሽበት ከፍታ ላይ ይቆማል። ምስሉ ወደ ላፕቶፑ ይመጣል፣ ከላፕቶፑ በስልክ ወደ እህቱ ይሄዳል።

ግንኙነቱ ድንገት ቢጠፋ ደግሞ ድሮኑ በራሱ ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። በሩ ጋ የመብራት ገመድና ትልልቅ ጥዶች አሉ። ታች ግን፣ ከአዲሱ ጉድጓድ አጠገብ፣ ገላጣ ሜዳ ነበር። ዲሾ ሶፍትዌሩ ያወጣለትን ካርታ አስፍቶ ሜዳው መሐል ላይ የማረፊያ ምልክት አደረገ። ቆፋሪዎቹ ሻይ ሊጠጡ ሄደው ነበር። ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም።

አሁን ዲሾ አጥሩ ላይ ተደግፎ ስክሪኑን ያያል። ጥዶቹ አለፉ። ቀጥሎ ጠባቧ መንገድ መጣች፤ ቀጥሎ ጥቁር የለበሰ ሰው በጭፍራ። በሰዎቹ መሐል የሬሳ ሳጥኑ የክብሪት ቀፎ ያህላል። ይህን ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም እንጂ፣ እንዲያ አንሶ ማየቱ ለዲሾ ቀሎታል።

"ይታየኛል" አለች እህቱ ከስልኩ ውስጥ። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። "እማዬ የቷ ናት?"

"ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገችው። በግራ በኩል።"

"ደግፈዋታል?"

"አክስቴ ይዛታለች።"

"አባዬን እነማን ናቸው የተሸከሙት?"

"አጎቴ አለ ከፊት። ከኋላ የጎረቤት ልጆች ናቸው።"

"አንተስ? የትኛው ነህ?"

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ጫማው አየ።

"እኔ ላይ ነኝ፣ እቴቴ። በሩ ጋ።"

"ብቻህን?"

"ጓደኛዬ አለ።"

ስክሪኑ ላይ የክብሪት ቀፎው ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ሰዎቹም ዙሪያውን ከበቡ።

በዚህ መሐል የሲግናሉ ቁጥር መውረድ ጀመረ። ዲሾ ቀና ሲል፣ ዘግይተው የደረሱ ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመዋል። ፊት ያሉት በልጅነቱ እናቱ ገበያ ሲሄዱ ይጠብቁት የነበሩ አሮጊት ናቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ሊያቅፉት፣ አንቴናው ፊት ቀጥ ብለው መጡ።

"ልጄን፣ ልጄን! እግዜር ያጽናህ…"

"እማማ፣ ከፊት ዞር ይበሉ! ዞር፣ ዞር! ሁላችሁም!"

አሮጊቷ ክንዳቸው እንደተዘረጋ ቀረ። "ውይ! ምን አጠፋሁ?"

"ሲግናል ከልለውበት ነው፣ እማማ" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ነገሩን ለማለዘብ። "የሰው ገላ ውሃ ነው፤ ሲግናል ይጠጣል።"

"እኔ ነኝ ውሃ? ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ሰው ነበርኩ!" አሉ አሮጊቷ። ከኋላቸው አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም። ክንዳቸውን ሰበሰቡ፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው ወደ ታች ሄዱ። ዲሾ አላያቸውም፤ ቁጥሩ ሲመለስ እያየ ነበር።

ታች ገመዶቹን በሳጥኑ ሥር አሳለፉ። እህቱ ትንፋሿን እንደያዘች ይሰማል።

አውቶቡሱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ረጅም፣ ቀለሙ የለቀቀ የከተማ አውቶቡስ፣ በዝግታ ዳገቱን ጨርሶ፣ ከአጥሩና ከጎድጓዳው መሐል ገብቶ ቆመ። በሮቹ ተከፈቱ። የሥራ ልብሳቸውን የለበሱ ሹፌሮችና ትኬት ቆራጮች መውረድ ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊው ሻርፕ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተቆራረጠ፤ ከዚያ ምስሉ ድርቅ ብሎ ቀረ።

"ማሙሽ?" አለች እህቱ። "ቆመብኝ። ማሙሽ፣ ቆመ!"

ዲሾ ከአጥሩ ላይ ዘሎ ወረደ። "አንሳው! ይህን ቆርቆሮ ከፊቴ አንሳልኝ!"

መሪውን የያዘው ሽበታም ሹፌር በመስኮቱ ብቅ አለ። "ምን አልከኝ?"

"ቆርቆሮውን አንሳ አልኩህ! መስማት ተስኖሃል?"

የሚወርዱት ሰዎች ደረጃው ላይ ቆሙ። ሹፌሩ የአባቱ እኩያ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ዲሾ እንደ አቻው ነው የጮኸበት። ሹፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ልጄ" አለው፣ ድምፁን ሳያነሳ፤ "ይህቺን ቆርቆሮ አባትህ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ነድቷታል። እኔን መሪ ያስያዘኝ በእሷ ነው። ትሸኘው ብለን ከመስመር አስወጥተን ነው ያመጣናት።"

ዲሾ የሰማው ኋላ ነው። ጆሮው ገብቷል፤ ልቡ ግን ድርቅ ያለው ምስል ላይ ነበር። ሦስት እግሩን አንስቶ፣ አንቴናውን ከአውቶቡሱ ጥግ ወዲያ ሊያወጣ ሮጠ። ገመዱን ረሳው። ገመዱ ተወጠረ፣ ላፕቶፑን ጎተተ፣ ላፕቶፑ ከአጥሩ ላይ በግንባሩ ወደቀ። ስክሪኑ ጨለመ።



"ማረፊያውን የት ነበር ያደረግነው?" አለ ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ።

"ሜዳው ላይ።"

"የቱ ሜዳ?"

ተያዩ።

"ዲሾ… ሜዳው ላይ እኮ ሰው አለ።"

ኮረብታውን ለክቶ ነበር። ጥዶቹን፣ የመብራቱን ገመድ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ሁሉንም አስቦ ነበር። ቀብር ላይ ሰው እንደሚቆም አላሰበም።

ቁልቁል ሮጠ። የእጅ መቆጣጠሪያው በአንገቱ ተንጠልጥሎ ደረቱን ይደበድበዋል፤ እሱም ከድሮኑ ጋር የሚገናኘው ከወደቀው ላፕቶፕ ጋር በተያያዘው አንቴና በኩል ስለሆነ ከእንጨት አይሻልም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ድምፁን ሰማው። በሜዳ ላይ ሲሰማው የሚወደው ድምፅ፣ ንብ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ያለ፣ ከሰማይ ወደ ታች እየወፈረ መጣ። ከዚያ የሴቶች ጩኸት።

ሲደርስ አዲስ የተቆፈረው አፈር እንደ ጭስ ተነስቶ ነበር። ሰው ግማሹ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ተበትኗል። ድሮኑ ልክ እንደታዘዘው፣ ምልክቱ ላይ፣ ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ እየወረደ ነው። ከጎረቤት ልጆች አንዱ ደንግጦ ገመዱን ለቆታል። ሳጥኑ በእግርጌው በኩል ወርዶ፣ ራስጌው ከላይ በሌላው ገመድ ተይዞ፣ ሰያፍ ቆሟል። ዲሾ ያን ሰያፍ ሳጥን አየ፣ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚያይ ጠፋው።

አጎቱ ኮቱን አውልቆ ድሮኑ ላይ ጣለበት። ውልብልቢቶቹ ጨርቁን ጠቀለሉ፣ አጓሩ፣ ቆሙ።

ሁሉም ዲሾን ያየዋል። መቆጣጠሪያው አሁንም ከአንገቱ ላይ ነው።

"ወንድሜን በሰላም እንዳልቀብር…" ብሎ ጀመረ አጎቱ፣ አልጨረሰውም። ፊቱን አዞረ።

"ሰው በአባቱ ቀብር ላይ አሻንጉሊት ይዞ ይመጣል?" አለች አክስቱ። "ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! የጨዋ ልጅ አልነበርክም?"

ሽማግሌው ቆፋሪ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ አየ። "ሳጥኑ አልተጎዳም" አለ። "ቀና እናድርገው። ገመዱን ያዙ።"

እናቱ ሻርፓቸው አፈር ሆኗል። ቅንድባቸውም። አላራገፉትም።

"ጨረስክ?" አሉት።

"እማዬ፣ እኔ…"

"ጨረስክ ወይ ነው ያልኩህ።"

"አዎ።"

"እንግዲያው ና ቁም። ገመዱ አንድ ሰው ጎድሎታል።"

ዲሾ መቆጣጠሪያውን ከአንገቱ አውጥቶ መሬት አስቀመጠ። የተለቀቀውን ገመድ አነሳ። ሳበ። ስክሪኑ ላይ የክብሪት ቀፎ ያህል የነበረው ነገር መዳፉን ላጠው።

*

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። የተዋሱት ወንበር አልበቃም፤ ሰው አልጋ ጠርዝ ላይ ሳይቀር ተቀመጠ። ስለ ድሮኑ ማንም አላወራም። ዲሾ ሻይ ይዞ በገባ ቁጥር ወሬው ይቆምና ስለ አየሩ ይሆናል። ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በመስኮቱ ደግሞ ፀሐይ ይገባል።

ሽበታሙ ሹፌር ጥግ ይዞ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር የተቀመጠው። ዲሾ ትሪውን ሲያቀርብለት ብርጭቆውን አነሳ፣ "እናመሰግናለን" አለ፣ ቀና አላለም። ዲሾም ትሪውን ይዞ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዞር ሲል ወንበሩ ባዶ ነበር።

ስልኩ በኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እህቱ ናት። ደጋግማ ደውላለች። አላነሳም።

ወጥ ቤት ውስጥ እናቱ ብርጭቆ ያለቀልቃሉ፤ አክስቱ ታደርቃለች።

"እቴቴ እየደወለች ነው" አላቸው።

"እኔም ጋ ደውላለች" አሉ እናቱ። "ኔትወርክ ጠፋ አልኳት። አንተም እንደዚያው በላት። ነፍሰ ጡር ናት፤ አታስደንግጣት።"

"ኔትወርክ ያልተሸከመው ኃጢአት የለም" አለች አክስቱ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ እያየች። "አንድ ይጨመርበት ቢባል አይከብደውም።" ቁጣዋ ገና አልበረደም፤ ይሁንና የጠዋቱን ያህል አልነበረም።

ዲሾ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ድሮኑ ከአጎቱ ኮት ጋር ቁምሣጥኑ ሥር ተቀምጧል። ክሩን ከውልብልቢቶቹ ላይ በመቀስ ቆራርጦ አወለቀ፤ ኮቱ ከእንግዲህ ኮት አይሆንም። ከዚያ ካርዱን አወጣ። ምስሉ ወደ ላፕቶፑ መምጣት ቢያቆምም ካሜራው በራሱ ካርድ ላይ መቅዳቱን አያቆምም። ላፕቶፑ ጥግ ጥጉ ተሰነጣጥቋል እንጂ ሲያበራው በራ።

ከላይ ሆኖ ሁሉን አየ። ሰማያዊውን ሻርፕ፣ ገመዶቹን። ለእህቱ የደረቀባትን ቦታ አለፈ። ምድር እየቀረበች መጣች። ጀርባቸውን የሰጡ ሰዎች አንድ በአንድ ቀና አሉ። የእናቱ ፊት ወደ ላይ ዞረ፤ አልሸሹም፤ እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ዘርግተው፣ አፈር እንዳይነካው የሚከላከሉ ይመስል። የለቀቀው ልጅ። ሰያፉ ሳጥን። ከዚያ ጥቁር ጨርቅ።

ሊዘጋው ሲል ድምፁ እንደቀጠለ ገባው። ካሜራው ከኮቱ ሥር ሆኖ እየሰማ ነበር።

"ጨረስክ?" ይላሉ እናቱ። "እንግዲያው ና ቁም።" ገመድ ሲፋተግ ይሰማል። "ቀስ፣ ቀስ፣ ወደ እኔ" ይላል ቆፋሪው። ከዚያ የመጀመሪያው አፈር እንጨት ላይ ሲያርፍ። ከዚያ አፈር አፈር ላይ። አንድ ሰው ያለቅሳል፤ ስቅ ስቅ እያለ፣ እንደ ልጅ። ዲሾ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጆሮውን አስጠጋ። የራሱ ድምፅ ነው። ማልቀሱን አላወቀም ነበር።

ጨለማው ረጅም ነው። ባትሪው እስኪያልቅ ሄዷል።

ምስሉን ለሁለት መቁረጥ ቀላል ነው። እህቱ ካየችው ትንሽ አስረዝሞ፣ ምድር ከመቅረቧ በፊት፣ አንድ ቦታ ላይ መንካት ብቻ ይበቃል። ጣቱን እዚያ ቦታ ላይ አሳረፈ። ስልኩ እንደገና ጮኸ። አነሳው።

"ማሙሽ" አለች። "ምነው እስካሁን? እማዬ ኔትወርክ ነው አለችኝ። ኔትወርክ ነው አይደል?"

አዎ ቢላት ያበቃ ነበር። ራሷ አፉ ላይ አድርሳለታለች።

"አይደለም፣ እቴቴ" አለ። "እኔ ነኝ።"

ነገራት። ከማረፊያው ጀምሮ፣ አሮጊቷን፣ አውቶቡሱን፣ ሳጥኑን። አንድ ሁለቴ ራሱን ሊከላከል ሞከረ፣ መልሶ ተወው። ስትተነፍስ ብቻ ይሰማዋል።

"ሳጥኑ ተሰበረ?"

"አልተሰበረም።"

"እማዬስ?"

"ደህና ናት። አፈር ብቻ ነው የነካት።"

አፍንጫዋን ሳበች። "አባዬ በራሪህን 'ትንኝ' ነበር የሚላት" አለች። "'ይቺ ትንኝህ አንድ ቀን ሾርባ ውስጥ ትገባለች' እያለ።" ልትስቅ ሞከረች፣ መሐሉ ላይ ተቆረጠ። "የአባዬን አውቶቡስ ነው ቆርቆሮ ያልከው?"

"አዎ።"

"ለሰውየው ምን አልከው ከዚያ?"

"ምንም።"

"ቤት መጥቶ ነበር?"

"መጥቶ ነበር።"

"የእኔን ተወው" አለች። "የሰውየውን ግን እኔ ልተውልህ አልችልም። የእኔ አይደለም።" ቆየችና፣ "አሁን የቀረውን ላክልኝ" አለችው።

"የቀረው ጨለማ ነው። ኮት ሥር ነው የተቀዳው፤ ድምፅ ብቻ ነው።"

"ድምፅ ነው እኮ የቀረኝ። ላከው።"

"የከፋውስ? ሳጥኑ ሲያጋድል?"

"አንተ ካየኸው እኔም ልየው።"

ዲሾ ጣቱን ከመቁረጫው ላይ አነሳ። ከመነሻው እስከ ጨለማው መጨረሻ፣ ምንም ሳይነካ፣ ላከላት።

እህቱ ቀኗ ሲደርስ፣ በሰላም፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ስለዚያ ቪዲዮ አንድም ጊዜ አላነሳችበትም።

ከቀብሩ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ጠዋት ዲሾ ወደ አውቶቡስ ማደሪያው ሄዶ ነበር። ሹፌሩ መስመር ላይ ስለነበር እስኪመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። አውቶቡሷ ገብታ ስትቆም መስኮቱ ሥር ሄዶ፣ ሲመጣ መንገድ ላይ ያዘጋጀውን ሁሉ ረስቶ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብቻ አለ። ሹፌሩ አየው፣ "እሺ" አለው። ከአውቶቡሷ ግን አልወረደም።